ታሪኩን ከእኛ ጋር ጀምራችሁ ያለ እኛ አትጨርሱት

ለ፦ የጃፓን አኒሜ መደምደሚያ ፊልሞችን ለምታዘጋጁና ለዓለም ለምታከፋፍሉ ሁሉ
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሥራ አስኪያጆችና ለፊልም አስመጪዎች
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በቴሌቪዥን የተጀመረ ታሪክ መጨረሻው በሲኒማ ብቻ ሲሆን የሚደርስብንን ስለማሳወቅና መፍትሔ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዘጋጆችና አከፋፋዮች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ አብረን የምናይ ወጣቶች ነን። ተማሪ አለን፣ የባንክ ሠራተኛ አለን፣ የግራፊክስ ባለሙያ አለን፣ አንዲት ነርስም አለችን። ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። አይተን ስንጨርስ እስኪመሽ እንከራከራለን። ማኅተም የለንም፤ የተመዘገበ ማኅበርም አይደለንም። ግን እኛ ብቻ አይደለንም። በየሰፈሩ፣ በየዩኒቨርሲቲው ዶርም፣ በየቴሌግራም ግሩፑ እንደ እኛ ያለ ስብስብ ሞልቷል።

የፊልሞቹን ቀን የምንጽፈው በእናንተ አቆጣጠር ነው። የራሳችንን ጉዳይ ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ለመጻፍ ያነሳሳን «ዲመን ስሌየር» የተባለው፣ አጋንንትን ስለሚዋጉ ሰይፈኞች የሚተርከው አኒሜ ነው። በኤፕሪል 2019 በቴሌቪዥን ጀመረ። እኛም ያኔ ጀመርን። በጁን 2024 መጨረሻ የሃሺራዎቹ፣ ማለትም የዋነኞቹ ሰይፈኞች፣ ሥልጠና ምዕራፍ አለቀ። የአጋንንቱ አለቃ ሙዛን መጣ፣ ወለሉ ተከፈተ፣ ሁሉም ወደ ማያልቀው ግንብ ወደቁ፤ እዚያ ላይ ተቆረጠ። «ቀጣዩ ሲዝን መቼ ነው?» ስንል መልሱ ወዲያው መጣ። ሲዝን የለም፤ ሦስት የሲኒማ ፊልም ነው ተባልን።

የመጀመሪያው ፊልም፣ «ኢንፊኒቲ ካስል» (የማያልቀው ግንብ)፣ ጁላይ 18 ቀን 2025 ጃፓን ውስጥ ወጣ። 155 ደቂቃ ነው። ሴፕቴምበር 12 ሰሜን አሜሪካ ገባ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። እኛ የጠየቅናቸው የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ግን አንዳቸውም አላሳዩትም። ይህን በምንጽፍበት ጊዜም በሕጋዊ መንገድ ቤታችን ሆነን የምናይበት አማራጭ አላገኘንም። ሁለቱ ፊልሞች ደግሞ ገና ይመጣሉ። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የታንጂሮን መጨረሻ ልናይ የምንችለው ሰው በስልኩ ደብቆ ከቀረጸው ቪዲዮ ላይ ነው።

ሙገሳ አንጽፍም። ሥራችሁን ባንወደው ኖሮ ይህን ሁሉ አንደክምም ነበር፤ ይህን እንደምታውቁት እናስባለን። በቀጥታ ወደ ቅሬታችን እንግባ።

አንደኛው ቅሬታችን ውሳኔው ራሱ ላይ ነው። ፊልም መሥራታችሁን አንቃወምም። እንዲህ ያለ ሥዕል ትልቅ ስክሪን ይገባዋል። የምንቃወመው መጨረሻውን በፊልም ብቻ ማድረጋችሁን ነው። ታሪኩ የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋው፣ 23 ቅጽ አለው። የግንቡ ጦርነት የታሪኩ እምብርት ነው። ታንጂሮ ቤተሰቡን ካጣበት ቀን ጀምሮ ሲጓዝ የኖረው ወደዚያ ነው። ዓመታት ሙሉ በቴሌቪዥንና በስልክ ስንከተላችሁ ቆይተን፣ ዋናው ላይ ሲደረስ «ከተማችሁ ሲኒማ ካሳየው ግቡ፣ ካላሳየው ቆዩ» ተባልን። ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትልጥ ያደረችን ጎረቤት፣ ምሳ ሲቀርብ በር ላይ እንደማቆም ነው።

«ፊልም ንግድ ነው፤ ሌላ ምን ይደረግ?» የሚል ይኖራል። ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ከራሳችሁ ኢንዱስትሪ ማሳየት ይቻላል።

«አታክ ኦን ታይታን» የተባለውን ሌላ አኒሜ ተመልከቱ። የመጨረሻው ሲዝን ተብሎ የጀመረው በዲሴምበር 2020 ነው። ቀጥሎ የመጨረሻው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል መጣ። ቀጥሎ በማርች 2023 አንድ ረጅም ልዩ ክፍል፣ በኖቬምበር 2023 ደግሞ ሌላ ረጅም ልዩ ክፍል መጣ። የመጨረሻ የተባለው ነገር ሦስት ዓመት ፈጀ። እኛም ያልቀለድነው ቀልድ የለም። ግን አንድ ነገር በትክክል ሠርተዋል። ታሪኩ ያለቀው በጀመረበት ቦታ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤረን ምን እንደሆነ ለማየት የአውሮፕላን ትኬት አላስፈለገንም። የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት ደንበኝነት ያለው ልጅ ቤት ተሰበሰብን፣ ቡና ተፈላ፣ አየን፣ ያለቀሰም አለቀሰ። ሁለቱ ልዩ ክፍሎች ተጣምረው 145 ደቂቃ የሚረዝም የሲኒማ ፊልም የሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2024 ነው። ድምፁ ለሲኒማ ተስተካከለ፤ ከክሬዲት በኋላ አጭር ትዕይንት ተጨመረ። ሲኒማ ያገኘ በትልቅ ስክሪን ደገመው። ሲኒማ ያላገኘ ሰው የቀረበት ያቺ ትዕይንትና የድምፁ ግርማ ብቻ ነው። መጨረሻው አልቀረበትም።

«ዲመን ስሌየር» ራሱም ይህን አድርጎ ያውቃል። «ሙገን ትሬን» የተባለው ቀዳሚ ፊልሙ ኦክቶበር 16 ቀን 2020 በሲኒማ ወጣ። ወረርሽኙ ባልበረደበት ወቅት ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። በቀጣዩ ዓመት ከኦክቶበር ጀምሮ ያው ታሪክ በሰባት ክፍል ተደርጎ በቴሌቪዥን ታየ። የመጀመሪያው ክፍል እንዲያውም ፊልሙ ላይ ያልነበረ አዲስ ነው። ሲኒማው ገቢውን አገኘ፣ ተመልካቹም ታሪኩን አገኘ፤ ማንም አልተጎዳም። የግንቡ ፊልሞችም ወደፊት በክፍል ተከፍለው ይመጣሉ ወይ? የሚመጡ ከሆነ መቼ? እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ ነገር አልሰማንም። የሚያናድደው ደግሞ ከመጠበቁ በላይ አለማወቁ ነው። ሁለት ዓመት ጠብቁ ቢባል የሚጠብቅ ሰው፣ ምንም ካልተባለ ፍላሹን ይዞ ሱቅ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ከመካከላችን ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት፣ ማለትም ሠላሳን የተሻገሩት፣ ስለ «ኢቫንጀሊየን» የተባለው የቆየ አኒሜ ሳያነሱ አይውሉም። 26 ክፍሉ ከኦክቶበር 1995 እስከ ማርች 1996 ታየ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ጦርነቱን ትተው የገጸ ባሕርያቱ አእምሮ ውስጥ ገቡ፤ ብዙ ተመልካች ተቆጣ። ጁላይ 19 ቀን 1997 ሌላኛውን መጨረሻ የያዘው ፊልም ጃፓን ውስጥ ወጣ። ያ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በይፋ የታየው መቼ ይመስላችኋል? በማርች 2024። 27 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። አሜሪካ እንዲህ ከጠበቀች የእኛ ተራ መቼ እንደሚደርስ እናንተው አስሉት።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ፊልም ውስጥ ለስቱዲዮው የተጻፉ የተመልካች መልእክቶች ለቅጽበት ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ የግድያ ዛቻ ናቸው። የእኛ ደብዳቤ ከዚያ ወገን እንዳልሆነ ከወዲሁ ይመዝገብልን።

የ«ኢቫንጀሊየን» ሰዎች ግን ተምረዋል። ታሪኩ እንደ አዲስ ከተሠራባቸው ፊልሞች የመጨረሻው በወረርሽኙ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ማርች 8 ቀን 2021 ጃፓን ውስጥ ወጣ። ኦገስት 13 ላይ ከጃፓን ውጭ ከ240 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች በስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት) ተለቀቀ። አምስት ወር ብቻ ነው። ፊልሙም ጃፓን ውስጥ ከ10 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለውን መልስ አንቀበልም። ተችሏል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ጊዜው ነው። ከጁላይ 18 እስከ ሴፕቴምበር 12 ስምንት ሳምንት ነው። በስምንት ሳምንት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የማይወጣ ነገር የለም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አባላችን ስፖይለር (ታሪኩን ቀድሞ የሚያጋልጥ ወሬ) ሽሽት ቲክቶክን ከስልኳ አጠፋች። ግሩፖቹን ሁሉ ድምፅ ዘጋች። በኋላ የአጎቷ ልጅ «እንደምን አደርሽ» ብሎ በቴሌግራም ስቲከር ላከላት። ስቲከሩ ላይ የአንድ ገጸ ባሕርይ ፎቶ በሻማ ተከቧል። በቃ፣ አለቀ። (ማን እንደሆነ እዚህ አንናገርም። እኛ እንደ አጎቷ ልጅ አይደለንም።)

ስፖይለሩስ ይሁን። ከሲኒማ ተደብቆ የተቀረጸው ቅጂ ይብሳል። ሰፈራችን ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ አለ። ፊልሙ ገና የሲኒማ ትኬት በሚሸጥበት ጊዜ እሱ ጋ ደርሶ ነበር። ስክሪኑ ተጣሟል፤ መሐል ላይ ሰው ተነስቶ ያልፋል፤ ከጎን የሚያስነጥስ ሰው ይሰማል። አካዛ የተባለው ጋኔን ወደ ልጅነቱ የሚመለስበት ቦታ፣ ማለትም የፊልሙ ልብ፣ ጨለማ ብቻ ነው። «ጥራቱ ትንሽ ይቀረዋል እንጂ ሙሉ ነው» አለን ልጁ። እውነቱን ነው፣ ሙሉ ነው። ዋጋው ደግሞ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። እናንተ ለአንድ ትዕይንት ወራት የደከማችሁበት ሥራ እኛ ሰፈር የደረሰው በዚህ መልኩ ነው። ልጁ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ከእሱ ሌላ ያመጣልን ማን ነው?

ሕጉን አናውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 410/1996 ነው። የራሳችን ፊልም ሠሪዎችም በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ፍላሽ ሲዘረፉ ኖረዋል። ስርቆቱ እንዲቆም ከልባችን እንፈልጋለን። ግን ሕጋዊው በር ተዘግቶ ሕገወጡ ብቻ ክፍት ሲሆን ሰው በየት እንደሚገባ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በነጻ ስጡን አላልንም። መክፈል እንፈልጋለን፤ መክፈያ ነው ያጣነው። ብዙዎቻችን እጅ ያለው የብር ካርድ ውጭ አገር ያለ አገልግሎት ላይ ሲገባ «ካርድዎ ተቀባይነት የለውም» ይባላል። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ እንደሆነ ይገባናል፤ እሱ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ውጭ አገር ዘመድ ይፈልጋል። የእኛ ቡድን ለረጅም ጊዜ የኖረው ሜሪላንድ ባለች የአንድ አባላችን እኅት ካርድ ነው። የካርዷ ጊዜ ሲያልፍ ሁላችንም አንድ ላይ ተቆረጥን። ደውሎ ሲለምናት «አንተ ልጅ፣ ሚስት ልታገባ ደርሰህ አሁንም ካርቱን ነው?» አለችው። አድሳለታለች፤ እግዜር ይስጣት። ግን ይሄ አሠራር ነው? እኅት ሜሪላንድ የሌለውስ?

እኛ ዘንድ ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር አለ። መብራት እንከፍልበታለን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ እንከፍልበታለን፣ ሱቅ ሄደን ዳቦ እንገዛበታለን። የአኒሜ አገልግሎቶች ሕንድ ውስጥ ከአሜሪካ በብዙ ያነሰ ዋጋ እንደሚያስከፍሉ እናውቃለን። ስለዚህ እንደየአገሩ አቅም ማስከፈል የማይታወቅ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚረሳ ነው ያልገባን።

ስለ ዳታም አንድ ነገር እንበል። 155 ደቂቃ በሞባይል ዳታ ማየት ኪስ ይጎዳል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ ቤት ማየት የሚቻልበት፣ መጠኑ አነስ ያለ ቅጂ ቢኖር ግማሹ ችግር ይቃለላል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። ቡድናችን ውስጥ ያለነው እንግሊዝኛ ሰብታይትል (ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም) እናነባለን፤ ለምደነዋል። ታናናሾቻችን ግን አይደርሱበትም። ነርሷ አባላችን ወንድሟን አጠገቧ አስቀምጣ እየተረጎመችለት ነው የምታየው። ዜኒትሱ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሲጮህ እሷም ትጮኻለች። ከፊልሙ እሷን ማየት ይሻላል የሚሉ አሉ። ግን በየሳምንቱ እንዲህ እየደከመች ትኖራለች?

አማርኛ ትንሽ ገበያ ነው ልትሉን ትችላላችሁ። እስቲ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቤቱ ሁሉ የቱርክ ሰዎችን ስም ሲጠራ ነበር። እናቶቻችን ስለ ኢስታንቡል ሰፈሮች ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ከዚያ በፊትም የሕንድና የአሜሪካን ፊልም በአማርኛ የሚተርኩ ሰዎች ነበሩ፤ «ትርጉም ፊልም» እንለዋለን። አንድ ሰው ብቻውን ጀግናውንም፣ ሽፍታውንም፣ እናቲቱንም ሆኖ ይናገራል። ሕዝቡ ይህን ወዶ ያያል። ድምፁን የሚሰጥ ባለሙያ አለ፣ ስቱዲዮ አለ፣ ተመልካች አለ። የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው። «ኢንፊኒቲ ካስል» ሕንድ ውስጥ በሂንዲ፣ በታሚልና በቴሉጉ ድምፅ ጭምር ቀርቧል። እኛ ለጊዜው ድምፅ እንኳ አልጠየቅንም። ሰብታይትል ይበቃናል። አማርኛ ብቻም አይደለም፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛም ሰው አላቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ወላጆች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለናል። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ12 በታች ለሆኑ የወላጅ ምክር ያስፈልጋል የሚል ደረጃ ተሰጥቶታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይገባ ተብሏል። ደም አለበት፣ አንገት ይቆረጥበታል። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ግን ዕድሜ የሚባል ነገር የለም። «ካርቱን ነው» ተብሎ ለስድስት ዓመት ልጅ ይከፈትለታል። ሕጋዊ መንገድ ቢኖር ቢያንስ አንድ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር።

አሁን ግልባጭ ወደተደረገላችሁ ወደ እናንተ፣ የሲኒማ ቤት ኃላፊዎቻችንና አስመጪዎቻችን፣ እንመለስ። ሁሉን ጃፓን ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ የአንዳንዶቻችሁን በር አንኳኩተናል። ስም አንጠራም፤ ያገኘነውን መልስ ግን እንናገራለን።

አንደኛው ሥራ አስኪያጅ «ካርቱን ከሆነ የልጆች ቀን ላይ እንይላችሁ፤ ፊኛም እናዘጋጃለን» አሉን። ስለ ፊኛው እናመሰግናለን። ከላይ የጻፍነውን የአንገት ጉዳይ ያንብቡልን።

ሁለተኛዋ ኃላፊ በቁም ነገር አነጋግረውናል። አከፋፋይ ቅድሚያ ገንዘብ በዶላር እንደሚጠይቅ፣ አዳራሹ ካልሞላ ኪሳራው የእሳቸው እንደሆነ፣ ለአማርኛ ፊልም የተያዘን ሰዓት ቀምተው ለማይታወቅ ነገር መስጠት እንደሚከብዳቸው ነገሩን። ይህ እውነት ነው። የአማርኛ ፊልም ቦታ ይነጠቅ የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። ግን ሰኞና ማክሰኞ ባዶ የሚውል አዳራሽ አይተናል።

ሦስተኛው የቴክኒክ ሰው ናቸው። ለሲኒማ የሚላክ ፊልም ተቆልፎ እንደሚመጣ፣ ቁልፉ ለተወሰነ ማሽንና ለተወሰነ ቀን ብቻ እንደሚሠራ፣ ተራ ፕሮጀክተር ያለው አዳራሽ ሊከፍተው እንደማይችል አስረዱን። ከሁሉም በላይ የጠቀመን የእሳቸው ማብራሪያ ነው። ቢያንስ ምን መጠየቅ እንዳለብን አወቅን።

እኛም የምንሰጣችሁ ነገር አለ። ለአንድ ቀን ማሳያ ስም ዝርዝር ቀድመን እናመጣለን። ገንዘቡንም ቀድመን እንሰበስባለን። አዳራሹ ካልሞላ አታሳዩ። ሲኒማ ቤት ከዚህ በላይ ዋስትና የሚያገኝበት ፊልም ብዙ ያለ አይመስለንም። ይህን ስንናገር ግን «እናስብበታለን» ተብለን ነው የወጣነው። አሁንም እያሰባችሁበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ወስዷል።

ስለዚህ ከአዘጋጆችና ከአከፋፋዮች የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀን ንገሩን። የመጀመሪያው ፊልም በስትሪሚንግ ወይም በክፍል ተከፍሎ የሚመጣበትን ጊዜ አሁኑኑ አሳውቁ። ለቀሪዎቹ ሁለት ፊልሞች ደግሞ የሲኒማው ቀን ሲነገር የቤቱም ቀን አብሮ ይነገር። አምስት ወር ይሁን፣ ስድስት ወር ይሁን፤ እንጠብቃለን።

ፊልሙ በሲኒማ በማይታይባቸው አገሮች የሚኖር ሰው ያን ያህል እንኳ ሊጠብቅ አይገባም። በእነዚህ አገሮች የምታጡት የትኬት ገቢ የለም። የጃፓን ሲኒማ ቤት አዲስ አበባ ያለ ሰው ቤቱ ሆኖ ስላየ ደንበኛ አያጣም። ስለዚህ ሲኒማ በሌለበት አንድ ጊዜ ከፍሎ ማየት የሚቻልበትን መንገድ ቀድማችሁ ክፈቱ።

ክፍያው በአገር ውስጥ መንገድ ይሁን። ከቴሌብር ወይም ከአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ጋር ተነጋገሩ። ዋጋውን ከሱቁ ፍላሽ እኩል አድርጉ አንልም፤ ከሜሪላንድ ግን ይለይ።

ሰብታይትሉን በተመለከተ ፈቃድ ስጡና የአገር ውስጥ ባለሙያ ይሥራው። ሠርቶ ያሳያችሁ፣ እናንተ መርምራችሁ አጽድቁት። እኛ መካከል በነጻ ለመሥራት የተዘጋጁ አሉ። ግን ሙያ ነውና ቢከፈላቸው ደስ ይለናል።

ለትንንሽ አዳራሾች ደግሞ ቅድሚያ ዶላር የማይጠይቅ ውል አዘጋጁ። ከትኬቱ ሽያጭ ድርሻችሁን ውሰዱ። ተራ ፕሮጀክተር ላለው አዳራሽ ለአንድ ቀን የሚሆን፣ ጥበቃ ያለው ሌላ ዓይነት ቅጂ ካለ እሱን ፍቀዱ።

ከሲኒማ ቤቶቻችንና ከአስመጪዎቻችን የምንጠይቀው ያነሰ ነው። አንድ ሰኞ ማታ ስጡን። ለአከፋፋዮቹም አንድ ደብዳቤ ጻፉ። እኛ ስንጽፍ ተመልካች ነን፤ እናንተ ስትጽፉ ግን ደንበኛ ናችሁ፤ የሚሰሙት እናንተን ነው። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቅጂ አዘጋጅተናል፤ ለጠየቀን ሁሉ እንልካለን።

መልሳችሁን እስከ ጥር መጨረሻ እንጠብቃለን። ሁለተኛው ፊልም ቀን ሲቆረጥለት ይህ ጉዳይ ገና ሳይነሳ እንዳይቀር ብለን ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

የአኒሜ ተመልካቾች ቡድን አስተባባሪ
ስለ ቡድኑ አባላት
አዲስ አበባ